የእትዬ ወንበር

ልብስ ሰፊው አዛውንት አሮጌ መኪናቸውን ዳቦ ቤቱ በር ላይ አቁመው ባለቤታቸውን ሲጠብቁ፣ መካኒክ የሆነችው የእህታቸው ልጅ በአጋጣሚ ብቅ አለች። ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኗ በመኪናው መስኮት ጠርዝ የተወተፈ ወረቀት ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መስታወቱ እየተንቀጫቀጨ አላስቀምጥ ሲለኝ ወተፍኩበት። እንዴት ጸጥ እንዳለ ብታዪ!»

ሳብ አድርጋ ዘረጋችው። የመኪናው ፋብሪካ የላከው ደብዳቤ ነው፤ የፊት ተሳፋሪው ኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ ጉድለት ስላለበት በነጻ እንዲቀየር ይጠራል።

«ይሄን ወተፉት?»

«ጋራዣቸው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ! ሦስቴም ‹መለዋወጫው አልገባም፣ እንደውላለን› አሉኝ። ስልኬን ታቅፌ ከረምኩ። እኔ የሰው ሱሪ አንድ ቀን ባዘገይ ሰፈሩ ይሰማ ነበር! ደግሞስ ይቺ መኪና ሃያ ዓመት ምን አደረገችኝ?»

እውነቱን ለመናገር፣ የአዛውንቱ ጥፋት መናደዳቸው አልነበረም። ተናደው መተዋቸው ነበር።

«ቢናደዱም እውነት አለዎት፤» አለች በትሕትና። «ግን ሃያ ዓመት ዝም ያለው ስላልተጋጩ ነው። በግጭት ጊዜ ከረጢቱን የሚነፋው ብረት ራሱ ተበጣጥሶ ሰው ላይ ሊረጭ ይችላል። ሲያረጅ ደግሞ ይብስበታል።»

«እኔ እንደሆንኩ ዕድሜ ጠግቤያለሁ።»

«እርስዎ መች ሆኑና! የተበላሸው የተሳፋሪው ነው። እዚያ የሚቀመጠው ማነው?»

መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ያ ወንበር የባለቤታቸው ነው። የፈለገው ትልቅ እንግዳ ቢመጣ ከኋላ ይጫናል እንጂ ባለቤታቸው ከፊት አይነሱም። በሩን ከፍተው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው የሚያስገቧቸውም አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው። አዛውንቱ ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው አጠፉት።

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?»

«እስኪጠገን እትዬ ከኋላ ይቀመጡ። ስልክ አይጠብቁ፤ በየሳምንቱ እርስዎ ይደውሉ። ያናገረዎትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ። እንደ እርስዎ የሚጉላሉትን ፈልገው አብራችሁ አመልክቱ።»

ባለቤታቸው ዳቦውን ታቅፈው ሲመጡ አዛውንቱ የኋላውን በር ከፈቱ።

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ግቢ የኔ እመቤት፣ እነግርሻለሁ።»

«ዛሬስ ሹፌር ሆንክልኝ በለኛ!» ብለው ሳቁና ገቡ።

አዛውንቱ አሥራ አንድ ሳምንት ደወሉ። የደንበኞች ልክ በሚጽፉበት ደብተር ላይ ቀንና ስም ሰፈረ፤ ዘጠኝ ባለመኪኖችም አብረዋቸው ፈረሙ። በመጨረሻ መለዋወጫው ገባ፤ ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ጋራዡም ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ቆርጦ መጥራት ለመደ። አንድ ሰው አኩርፎ ቤቱ ባለመቀመጡ አሥር ቤተሰብ ያለ ሥጋት መንገድ ወጣ።

መኪናዋ በተጠገነች ማግስት አዛውንቱ የፊቱን በር ከፍተው ባለቤታቸውን አስገቡ። ጥቂት እንደሄዱ መስታወቱ መንቀጫቀጭ ጀመረ።

«ያ ወረቀትህስ?»

«ደብተሬ ውስጥ ነው፤» አሉ አዛውንቱ። «ይንቀጫቀጭ ተዪው። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»