በጋሼ በላይነህ ደብተር ላይ የቀረችው ባዶ ቦታ

እስቲ ጸጥ በሉልኝ፣ ጠላው የትም አይሄድም። ናትናኤል፣ አንተም ስልክህን ወደ ኪስህ መልስ፤ ስምሪት ክፍል ሆነህ ዓመቱን ሙሉ ስትደውልልኝ ከርመህ ዛሬ እንኳ አሳርፈኝ።

ንግግር አድርግ ያሉኝ የጋሼ በላይነህ የቅርብ ወዳጅ ነው ብለው ነው። ተሳስተዋል። እኔ ደምሌ የቅርብ ምቀኛው ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ስቀናበት ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ በጡረታውም ቀናሁ። ከነገ ወዲያ እሱ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እኔ ማዳበሪያ ጭኜ የአርብ ገበያን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ እየተሳብሁ ነው።

ለክብሩ ዛሬ አንቱ ልለው ፈልጌ ትናንት ቤቴ ተለማምጄ ነበር። ባለቤቴ ሰማችና «ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ። ተውሁት። ጋሼ፣ እንደለመድነው አንተ እልሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።

ከመጣበት ቀን ልጀምር። መስከረም 1989 ነው። እኔ እዚህ ድርጅት ከገባሁ ዓመት ሆኖኛል፣ እንደ አንድ ልጅ ተሞላቅቄያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠራኝ «የኔ አንበሳ» ነበር የሚለኝ። አንድ ጠዋት የተተኮሰ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ኪሱ ላይ ሰማያዊ ብዕር የሰካ፣ ብብቱ ሥር ደብተር የያዘ ሰው በበሩ ገባ። ኦዲተር መስሎን ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሣን። ዘበኛው ሰላምታ ሁሉ ሰጥቶታል። «አዲሱ ሹፌር ነኝ» አለ። ተቀመጥን።

ለደብረ ታቦር የተጫነ መኪና ሰጡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረው። ጎማውን በብረት እየመታ ጆሮውን ይሰጣል፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ሥሩ ይገባል፣ ወጥቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደና «የኋላው ፍሬቻ አይሠራም፤ ሳይጠገን አልነዳውም» አለ።

«ፍሬቻ ነው እንዴ መኪናውን የሚገፋው?»

«አይደለም ጌታዬ። ግን ሕጉ ላይ አለ።»

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «ቁልፉን ወዲህ በሉ» ብዬ እየፎከርሁ ነዳሁት። ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ። «ፍሬቻህ የት ሄደ?» አለኝ። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያውን የክስ ወረቀት የተቀበልሁት እንዲህ ነው። ስመለስ ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አየህ፣ አዲሱ ሰው ነግሮን ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንበሳነቱ ወደ እሱ ዞረ። እሱ በመጣበት ቀን እኔ ተከሰስሁ፤ ቅናቴ ከየት እንደ ጀመረ አሁን ገባችሁ?

ስለዚያ ደብተር መቼም የማያውቅ የለም። በየቀኑ ይሞላዋል፦ የተነሣበት ሰዓት፣ የጫነው ጭነት፣ የጎማው ሁኔታ፣ ፍሬኑ። የመጨረሻዋ ዐምድ ላይ «መሪ የያዘው» ይላል፤ ሁለት ሹፌሮች በአንድ መኪና ስንወጣ ማን እንደ ነዳ የሚመዘገብባት ናት። ሃያ ስምንት ዓመት፣ ሃያ ስምንት ደብተር። ባለቤቱ ካሣነሽ ሣጥን ውስጥ ከነጠላዋ ጋር አስቀምጣቸዋለች። አንድ ቀን «እኔን ያገባበትን ቀን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ በዚያ ሳምንት ዘይት መቀየሩን ግን ጽፎታል» አለችኝ። ይኸው እየሳቀች ነው፣ ውሸት ነው ካለች ትናገር።

ትራፊክ ሲያስቆመውስ? ሞተሩን ያጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። ከዚያ ያቺን ላስቲክ አቃፊ ይዘረጋል፤ መንጃ ፈቃዱ፣ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ በተርታ ተደርድረዋል። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ይለፉ» ይሉታል። ከኋላው ስደርስ ለእኔ «አንተ፣ ና ውረድ» ነው። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ አቃፊ ገዛሁ። አስቆሙኝ፣ ወረድሁ፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ትራፊኩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ። መኪናውን ከዳር እስከ ዳር በረበረውና የእሳት ማጥፊያው ጊዜ ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። አቃፊው ውስጥ ክሱን ይዤ ተመለስሁ።

የሰው ሀብቷ ሐረገ ወይን ቢሮ ብትገቡ ሁለት የግል ማኅደር ታገኛላችሁ። የጋሼ በላይነህ ስስ ናት፣ ከመሳቢያው ስትወጣ ድምፅ የላትም። የእኔ በሲባጎ የታሰረ ነው። ነፋስ መስኮቱን ሲያማታባት የምታስደግፈው በእኔ ማኅደር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለዚህ ነው ጠላውን ያስቆምኋችሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ የጋሼ በላይነህ የጡረታ ጉዳይ ሲጀመር የ1995 ዓ.ም. የደመወዝ መዝገባችን የለም። የድሮው መጋዘን ጣሪያ አፍስሶ ያ ዓመት በስብሷል። ያ ዓመት ካልተረጋገጠ አገልግሎቱ መሐል ላይ ተቋርጧል ይባላል፤ ተቋርጧል ከተባለ የፊተኞቹ ስድስት ዓመታትም አብረው አጠያያቂ ይሆናሉ። ካሣነሽ ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አሸክማ አመጣች። ሐረገ ወይን ግን «ራሱ ለራሱ የጻፈው ማስረጃ አይሆንም። በዚያ ዓመት ሌላ ሰው የጻፈው፣ ስሙና የእኛ መኪና ታርጋ አብረው ያሉበት ወረቀት ያስፈልጋል» አለች። ቀና ብላ አየችኝና «የደምሌ ቢሆን በክሱ ብቻ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እሞላው ነበር» አለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐረገ ወይን የ1995ን ደብተር ስታገላብጥ ሰኔ 12 ላይ ቆመች። ሰዓቱ አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ጎማው አለ። «መሪ የያዘው» የሚለው ሥር ምንም የለም።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምነው ረሳኸው?»

«ተይው ልጄ፣ ያ ቀን ይቅር» አላት። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

ያ ቀን ይኸውላችሁ። ከስማዳ፣ ከወገዳ ጤፍ ጭነን ስንመለስ ነው። የኔ መኪና ጋራዥ ስለ ገባ አብረን ወጥተናል። እሱ ትኩሳት ይዞት ጋቢውን ተከናንቦ ከጎኔ ተኝቷል፤ መሪው እኔ ዘንድ ነው። ዝናብ ይወርዳል። ከለቅሶ የሚመለሱ ሴቶች እጃቸውን አነሡልኝ፣ አሳዘኑኝና ጭነቱ ላይ አወጣኋቸው። ሰው ጭነት ላይ መጫን ክልክል እንደ ሆነ አጥቼው አይደለም። መንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ጥፋት ቢጨመር እታገዳለሁ፤ ከድርጅቱም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ኪሴ ውስጥ አለ። ከተማው መግቢያ ላይ ፉጨት ሰማሁ። ቆምሁና ዘልዬ ወርጄ ሴቶቹን ላወርድ ወደ ኋላ ሮጥሁ። ትራፊኩ በወዲያ በኩል ዞሮ ጋቢናው ዘንድ ደረሰ። እኔ ስመለስ መሪው ላይ የተቀመጠው ጋሼ በላይነህ ነው።

ትራፊኩ ደንግጧል። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ፣ «ልጄ፣ እኛው ነን በግድ የወጣነው፣ እኛን ጻፈን» አሉት። ትራፊኩ ግን በላይነህ ብሎ ጻፈ፤ እጁ እንደ ከበደው አይቻለሁ። ሌላ መኪና ሊያስቆም ሲሄድ «ጋሼ፣ ምን ማድረግህ ነው?» አልሁት። «ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ንዳና ቤቴ አድርሰኝ» አለኝ። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም፣ እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ቅጣቱን እኔው ከፍዬ የተያዘበትን መንጃ ፈቃድ አመጣሁለት። ክሱን ለቢሮ ማስገባት ነበረብኝ። አላስገባሁም፤ «በላይነህ እንዴት ሰው ጫነ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ዞሮ እኔው ዘንድ ነው የሚመጣው። ከራሴ ክሶች ጋር ቤቴ ቀበርሁት። በዚያ ዓመት ምስጉን ሹፌር ተብሎ ሲጠራ አሞኛል ብሎ አልመጣም። ያኔ እኔ ምን አልሁ መሰላችሁ? ትሕትናውን ሊያሳየን ነው ብዬ በሕመሙ ሳይቀር ቀናሁ። ስሙ ያለበት ክስ እያለ ምስክር ወረቀት መቀበሉን ጠልቶ እንደ ነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

እና ታኅሣሥ ላይ፣ የሚፈለገው ወረቀት እኔ ቤት ነበረ። ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ፈርቼ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፍርሃቱ ግማሹ ነው። ቀሪው ቅናት ነው። ወረቀቱን ባወጣው እሱ እንደ ገና ይከብራል፣ እኔ እንደ ገና እዋረዳለሁ። ዝም ብል ግን በሕይወቴ አንድ ጊዜ በልጬው እገኛለሁ፤ የእኔ አገልግሎት ሙሉ፣ የእሱ ጎዶሎ። ይህን አስቤያለሁ። እዚህ ፊታችሁ ቆሜ አላሰብሁም አልልም።

ከዚያ ካሣነሽን ገበያ አገኘኋት። «በላይነህ ሥራ ይዟል፣ ከፋሲካ በኋላ ለአንድ ነጋዴ ሊነዳ ነው» አለችኝ።

«በስድሳ ዓመቱ?»

«ምን ያድርግ። መኪናው ደግሞ ቦሎ የለውም አሉ። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ይለብስና ተመልሶ ይቀመጣል።»

ለአንዲት ፍሬቻ ብሎ መኪና አላስነሣም ያለ ሰው፣ ምርመራ ያላለፈ መኪና ሊነዳ ነው። ከእንግዲህ በምን ልቀናበት ነው? ሃያ ስምንት ዓመት የቀናሁበትን ነገር እኔው ላጠፋው ነበር። ከገበያ ቀጥ ብዬ ቤቴ፣ ከቤቴ ቀጥ ብዬ ሐረገ ወይን ዘንድ።

ወረቀቱን አነበበች። ስሙ አለ፣ ታርጋው የእኛ ነው፣ ቀኑ ሰኔ 12። ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች።

«ደምሌ፣ መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

«እኔ።»

ሲባጎዬን ፈታችና «ይህንንስ የት ላስረው፣ አልዘጋ ብሏል» አለች። እኔም የእምነት ቃሌን ጻፍሁ፣ ድርጅቱም ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ «የመጨረሻ» ይላል፣ ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነው። የጡረታው ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ሙሉ ሆኖ መጣ። ነጋዴውም ሌላ ሹፌር ይፈልግ።

ለዛሬ የተዘጋጀው ምስክር ወረቀት «ያለ አንዳች ክስ» የሚል ነበር። ጋሼ በላይነህ አልቀበልም አለ። ሐረገ ወይን «ጋሼ፣ ክሱ እኮ ያንተ አይደለም» ብትለው «ስሜ አለበት» አላት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አሁን ታዩታላችሁ፤ «በአንድ ክስ ብቻ» ይላል። ያቺ አንድ የኔ ናት። እሱ ቤት ስትገቡ ልብ በሉልኝ።

ጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ። ልጆቼ የተማሩት አንተ በዚያች ዝናብ ቀን መቀመጫ በመቀየርህ ነው። ይህን ለመናገር ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ስለ ዘገየሁ እንደ ልማድህ በዝምታ እለፈኝ።

ካሣነሽ፣ ያንን ደብተር አቀብይኝ። ጋሼ፣ ብዕርህን። ሰማያዊውን ነው እንጂ ሌላ አይሆንም። ሰኔ 12 ቀን 1995፣ መሪ የያዘው፦ ደምሌ። ይኸው፣ ፈርሜበታለሁ፣ ሞላ።

በሉ አሁን ብርጭቆአችሁን አንሡ። ጋሼ በላይነህ፣ ጤናውንም ዕድሜውንም አብዝቶ ይስጥህ፣ ካሣነሽን ያገባህበትንም ቀን ከእሷ ጋር አንድ ላይ ጻፉት። ፍሬቻው የማይሠራ ባጃጅ ቢመጣ አትሳፈር፣ በእግርህ ሂድ። በመንገድ ሳልፍ ደጅህ ላይ ካየሁህ ጡሩንባ እነፋለሁ፤ ከተማ ውስጥ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፣ ክሱን በራሴ ስም እቀበላለሁ።

ለጋሼ በላይነህ።