ሦስተኛው ከረጢት

(ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል የሴቶች መኝታ ክፍል በር ላይ፤ አቶ መንገሻ የልጃቸውን የሰብለን ጫማ ይዘው ቆመዋል፣ ነርሷ ሲስተር ሙሉነሽ የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት የተጨመረበት አዲስ የግሉኮስ ከረጢት ይዛ መንገዱን ዘግታባቸዋለች።)

መንገሻ፦ መርፌውን ንቀይላት አልኩሽ። ልጄን ይዤ ልሂድበት።

ሙሉነሽ፦ አባባ፣ ይህቺ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ናት። እስከ ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ይታገሱኝ።

መንገሻ፦ ሁለት ጨረሰች አይደል እንዴ? የመጀመሪያው ባንድ ሰዓት አለቀ፣ ሁለተኛው በአራት ሰዓት። ይሄኛው አሥራ ስድስት ሰዓት የሚፈጀው በአህያ ነው የሚመጣው?

ሙሉነሽ፦ አሰጣጡ ነው። የመጀመሪያው ማርከሻ ፈጥኖ ይደርስላታል፣ የቀረው ቀስ እያለ ጉበቷን ይጠብቃል። ሁሉንም ባንዴ ብለቅባት ሰውነቷ ይቆጣል።

መንገሻ፦ ጉበቷ ምን ሆነ? በልታለች። ስቃለች። ሌሊቱን ሲያስመልሳት ያደረው እንኳ ቆሟል።

ሙሉነሽ፦ ሌሊቱን?

መንገሻ፦ ጠዋት ማለቴ ነው። ደግሞስ ለራስ ምታት የሚዋጥ ክኒን ሰው ይገድላል?

ሙሉነሽ፦ ሲበዛ ይገድላል፤ ግን አይቸኩልም። በመጀመሪያው ቀን ያስመልሳል። በሁለተኛው ይተዋታል፣ እናንተም ዳነች ብላችሁ ተመስገን ትላላችሁ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፣ ሰው መለየት ያቅታታል።

መንገሻ፦ ቢጫ?

ሙሉነሽ፦ ቢጫ። ምነው አባባ? ኧረ ይቀመጡ።

መንገሻ፦ ቆሜ ይሻለኛል። እሱ የወፍ በሽታ ነው እንጂ።

ሙሉነሽ፦ ሰው እንደዚያ ይለዋል። ጉበት ሲጎዳም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ማን ታሞባችሁ ነበር?

መንገሻ፦ ታላቅ እህቷ። አስካል። ካረፈች አራት ዓመቷ። የወፍ በሽታ ብለን ቀበርናት፤ ለቅሶ የመጣውም ሁሉ ይህንኑ ብሎ አለቀሰላት።

ሙሉነሽ፦ አልነበረም?

መንገሻ፦ ከፍራሿ ሥር ባዶ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ። ሽንት ቤት ጣልኩት። ለእናቷ እንኳ አልተነፈስኩም። ወተት አጠጣኋት፣ አስመለሳት፣ በማግስቱ ተነስታ ፀጉሯን ተሠራች። ወተቱ መርዙን ያረከሰላት መስሎኝ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ያ የተሠራችው ሹሩባ ዓይኔ ላይ ነው። ከነሹሩባዋ ነው የገነዝናት።

ሙሉነሽ፦ ይህን ሌላ ማን ያውቃል?

መንገሻ፦ አሁን አንቺ።

ሙሉነሽ፦ ጠዋት ስትመጡ እሁድ እንግዳ አለብን ሲሉ ሰምቼ ነበር። ማን ነው የሚመጣው?

መንገሻ፦ ሽማግሌዎች። ሰብለን ለጋብቻ ሊጠይቁ።

ሙሉነሽ፦ ለአስካልስ መጥተውላት ነበር?

መንገሻ፦ የእሷም እሁድ ነበር።

ሙሉነሽ፦ እንግዲህ አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎትና እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ የክኒኑን መጠን በደም ውስጥ የሚለካ መሣሪያ የለንም። ዶክተሩ የሚያምኑት እርስዎ የነገሯቸውን ሰዓት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋጠች ስላሉ፣ በጊዜ ደርሳለች፣ ሦስተኛው ሲያልቅ ይበቃታል ብለው አዘዋል። ታዲያ ሌሊቱን ሲያስመልሳት ያደረው ምንድን ነው?

መንገሻ፦ የዋጠችው ትናንት ነው። ትናንት ጠዋት። ሰው እንዳይሰማ በር ዘግቼ ወተት ሳጠጣት ዋልኩ።

ሙሉነሽ፦ ደግሞ ወተት?

መንገሻ፦ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ሙሉነሽ፦ እንግዲያው ይህቺ የመጨረሻዋ አይደለችም። አሁኑኑ ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ። ጉበቷ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ደሟን እንደገና እንመረምራለን፤ ጉበቷ እስኪያገግም ማርከሻው ይቀጥላል።

መንገሻ፦ ትድንልኛለች?

ሙሉነሽ፦ ዘግይቶም ቢሆን ይረዳል፤ ለዚያ ነው አልነቅልም ያልኩዎት። ትድናለች ብዬ ግን አልምልልዎትም።

መንገሻ፦ ሽማግሌዎቹን እንዳይመጡ ልልክባቸው ነው።

ሙሉነሽ፦ ይህን ለእሷ ይንገሯት። ገብተው አጠገቧ ይቀመጡ።

መንገሻ፦ እሺ። ይህን ጫማ ግን ወስደሽ ቆልፊበት፣ ልጄ። እኔ እጅ ካለ፣ ነገ ስትስቅ ሳያት ይዣት እሄዳለሁ።