ጋሽ ሜትሩ ረሳሁ ያሉት

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ማተሚያ ቤት ስሄድ ድንገት ዝናብ ያዘኝና አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ደጃፍ ተጠለልኩ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ ስህተት መፈለግ የለመደ ዓይን ደግሞ መንገድ ላይም አያርፍም። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወደ ውስጥ ብመለከት ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን በአሮጌ አንሶላ ይጠቀልላሉ። የልብስ መለኪያው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትሩ ይላቸዋል። ያን ቀን አንገታቸው ባዶ ነበር።

«ደህና ነዎት ጋሼ? ሊሄዱ ነው እንዴ?» አልኳቸው ጠጋ ብዬ።

«ግባ፣ ግባ፣ ዝናብ አይምታህ። እኔስ የትም አልሄድም፤ የሄደው ሥራው ነው።»

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ የእህታቸው ልጅ ተቀምጣለች። ሰው ሲያረጅ የማስታወስ ችሎታው እንዴት እንደሚለወጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታጠና ወጣት ናት። የተቀደደ ቦርሳዋን ልታሰፋ ብቅ ብትል፣ እሷም እንደ እኔ መኪናው ሲጠቀለል ደረሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ካፖርት ሲያዝ «ገበር ይቅርብኝ፣ ሙቀት አልችልም» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ወፍራም ገበር አድርገው ሰፉለት። ሾፌሩ አልተቆጣም፤ «አይ ጋሼ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ፈገግ አለ እንጂ። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

«ሃምሳ ዓመት ትዕዛዝ በጭንቅላቴ ይዤ ኖርኩ» አሉን፤ «አሁን ወንፊት ሆነ። ብረትም ይዝጋል፣ ሰውም ይጃጃል። ሳያፍሩ በጊዜ ማረፍ ነው።»

«አጎቴ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ልጅቷ። «ከካፖርቱ ሌላ ምን ረሱ?»

«ስንቱን ልንገርሽ? ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ሂድ ብላኝ ሳልሄድ ቀረሁ። እናትሽ የእህትሽን ሕፃን ስም በስልክ ነግራኝ አላውቀውም፤ አፍሬ ቤታቸው መሄድ ተውኩ።» የአንሶላውን ጫፍ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩ። «እናቴን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ፣ በእጄ እያጎረስኳት፣ ‹አንተ የማን ልጅ ነህ?› አለችኝ። ያን ቀን እዚህ ሰው ፊት ቆሜ አልጠብቀውም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መኪናውን ያስጠቀለላቸው ካፖርቱ ሳይሆን ፍርሃት ነው። የሚፈራ ሰው ደግሞ ማስረጃ አይመረምርም፤ ፍርዱን አስቀድሞ ይሰጣል።

«እኔም አያቴን አይቼ ነው ይህን ትምህርት የመረጥኩት» አለች ልጅቷ በዝግታ። «እስቲ ደግሞ ያልረሱትን እንይ። እኚህ ሰው ደንበኛዎ ከሆኑ ልካቸውን ያስታውሱታል?»

ጋሽ ሜትሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የዛሬ ስድስት ዓመት ግራጫ ኮት። ትከሻው አርባ ስድስት፣ ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል። ወገቡ ያኔ ዘጠና ሁለት ነበር። የአሁኑን አልናገርም።»

ሳቅሁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች።

«ልብ ይበሉ አጎቴ። በዓይንዎ ያዩት፣ በእጅዎ የለኩት አልጠፋም። የጠፋው ሁሉ የተነገረዎ ነው። ሾፌሩ ሲያዝዝ የስፌት መኪናው እየሠራ ነበር?»

«መቼ ቆሞ ያውቃል?»

«ባለቤትዎስ የት ሆነው ነገሩዎ?»

«ከጓዳ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።»

ተነስታ ከኋላቸው ቆመችና በለሆሳስ «በር፣ ሎሚ፣ ደብዳቤ» አለች። እኔ ሰማሁ። ጋሽ ሜትሩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

«ጀምሪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ።

ተያየን። እሷም ዞራ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና «ድልድይ፣ ማር፣ ወንበር» አለቻቸው። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቦርሳዋ ስናወራ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። መልሳ ስትጠይቃቸው «ድልድይ፣ ማር» አሉ ወዲያው፤ ግንባራቸውን አሻሽተው ደግሞ «ወንበር።»

«ሦስተኛው ዘገየብኝ።»

«መዘግየቱ የዕድሜ ነው፤ ግን ተገኘ። ማስታወስ እንደ እርስዎ ሥራ ነው አጎቴ። ጨርቅ ይቀበላሉ፣ መደርደሪያ ላይ ያኖራሉ፣ ሲፈለግ ያወጣሉ። ዕድሜ ሲገፋ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ማውጣቱ ነው፤ በተለይ ስም። የእጅ ሙያና የቃል ትርጉም ግን ረጅም ዕድሜ አላቸው። ቅድም ከኋላዎ ቆሜ ያልኳቸውን ሦስት ቃላት ግን አልተቀበሏቸውም። ያልገባ ጨርቅ ቢጠፋ መደርደሪያው ምን አጠፋ? በግማሽ የሰሙትንም ቢሆን ምን አለ ብለው ሲገምቱ ጉልበትዎ ያልቃል፤ ለማኖር የሚተርፍ አይኖርም።»

«እንግዲያው ጤነኛ ነህ እያልሽኝ ነው?»

«አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። የአያቴ ዓይነት ሕመም አለ። ግን የደንበኛ ስም መርሳትና መቀስ ለምን እንደሚሆን መርሳት አንድ አይደሉም። ጆሮዎንም ማስታወስዎንም ያስመርምሩ። እርስዎ ሳይለኩ ይቆርጣሉ እንዴ?»

ጋሽ ሜትሩ ጆሯቸውን ዳሰሱ። «እሺ፣ ጆሮዬ ነው እንበል። በዚህ ዕድሜዬ ማዳመጫ ሰክቼ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሠላሳ ዓመት መነጽር ሰክተው ተቀምጠዋል። ማን ምን አለዎ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ቀጥለው ጃንጥላቸውን አነሱና ለምርመራ ወጡ።

በምርመራው አንደኛው ጆሯቸው በደረቀ ኩክ ተደፍኖ ተገኝቶ ተጠረገ፤ ሁለቱም ደግሞ ቀጭን ድምፅ መለየት አቅቷቸዋል። የማስታወስ ፈተናው ለዕድሜያቸው መልካም ሆነ፤ የመረመረቻቸው ሐኪምም በዓመቱ ይመለሱ አለቻቸው። የታዘዘላቸውን ማዳመጫ ባደረጉ በመጀመሪያው ሳምንት የማንኪያ ድምፅ እንደ መዶሻ ሆነባቸውና ሁለት ጊዜ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። የእህታቸው ልጅ «አእምሮም እንደ አዲስ ጫማ መልመጃ ጊዜ ይፈልጋል» ብላ ለመነቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸውን «ለምን ትጮኺብኛለሽ?» ቢሏቸው፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስጮህ ኖሬ ዛሬ ሰማኸኝ?» አሉና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ሜትሩ መኪናውን ያቆማሉ፤ ፊቱን እያዩ ያዳምጣሉ፤ ትዕዛዙን ደግመው ለራሱ ይነግሩትና በደብተር ይጽፉታል። ቀድሞ ደብተር የሰነፍ ነው ይሉ ነበር። ወደ ሥራ በእግራቸው ይመላለሳሉ፤ ከሰውም አይሸሹም። ስም አሁንም ይዘገይባቸዋል፤ «ቆይ፣ እየመጣ ነው» ብለው ይጠብቁታል እንጂ አያፍሩበትም። ሁሉም መርሳት በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ደግሞ «ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለይቶ የሚነግረን ምርመራ እንጂ ፍርሃታችን አይደለም።

ይህን ለሌላ ሰው ምክር አድርጌ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ከጥቂት ወራት ወዲህ ያረምኩትን ገጽ ማረሜን እየረሳሁ፣ ከባልደረቦቼ ደብቄ ሁለተኛ አነብ ነበር። ከጋሽ ሜትሩ ቤት በወጣሁ በሳምንቱ እኔም ለመመርመር ሄድኩ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ በቀን ስንት ሰዓት እንደምተኛ ነበር። አፍሬ ሰባት ብዬ ዋሸኋት፤ ከዚያ ወደ አራት አረምኩት።