የወይዘሮ ሙሉወርቅ ቦርሳዎችና የማይታየው ጢስ

ባለፈው ጥቅምት ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ወይዘሮ ሙሉወርቅን አገኘኋቸው። ሳንሱሲ ሰፈር ውስጥ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር የቆዳ ቦርሳ የሚሠሩ ብርቱ ጎረቤቴ ናቸው። ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሯል። ጀርመን ያለው ደንበኛቸው፣ የሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ የአየር ንብረትን የሚጎዳ ብዙ ካርቦን እንደሚያስወጣና በወር ውስጥ ካልተስተካከለ ትዕዛዙን እንደሚሰርዝ ጽፎላቸዋል።

ከፊታችን የቆመችው የጎረቤታችን የአቶ ሽኩር ልጅ ሰልሳቢል ወሬያችንን ሰማች። በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀች ናት፤ አስፈቅዳ ደብዳቤውን አነበበችው።

«ከሽቦ ጢስ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ ምኑ ይለካል?» አሏት ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

«ጢሱ የሚወጣው መብራቱ ከሚመነጭበት ቦታ ነው፣ እትዬ። የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ አገሮች አሉ፤ የእኛ ግን አብዛኛው ከውኃ ነው። እርስዎ ለክተው ስላላቀረቡ በዓለም አማካይ ገምተው አሰሉብዎት።»

እኔ በመምህርነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ ሰው የማይታይ ነገር እንለካ ሲሉት የተቀለደበት ይመስለዋል። ወይዘሮዋም ታክሲው እስኪመጣ ተከራከሩ። በመጨረሻ የሴቶቹ እንጀራ አሳስቧቸው እሺ አሉ።

ሰልሳቢል ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ቆጣሪውን አነበበች፤ ወይዘሮዋ መብራት ሲጠፋ ብለው የገዙትን ጄኔሬተር ናፍጣም በሊትር መዘገበች። ውጤቱን ስትነግራቸው እኔም ነበርኩ። ከዋናው መስመር የሚመጣው መብራት ካርቦኑ እጅግ ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ የጄኔሬተሩ ነው። ወይዘሮዋ የመብራት መዋዠቅ ማሽን እንዳያቃጥልባቸው ፈርተው፣ መብራት እያለም የቆዳ መቁረጫውን በናፍጣ ያሠሩ ነበር።

«ፈረንጁ ግምቱን ተሳስቷል፤ እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

በማግስቱ የመብራት መዋዠቅን የሚያስተካክል እስታብላይዘር አስገጥመው መቁረጫውን ወደ መስመሩ አዞሩት። ጄኔሬተሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ እንዲነሣ ሆነ። ሰልሳቢል እንደገና ለክታ፣ በአገሪቱ መብራት ልክ የተሠራውን ትክክለኛ ስሌት ከማስረጃው ጋር ለደንበኛው ላከች።

መልሱ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ መጣ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ማሽኖቹን አስቁመው ሰልሳቢል ለሁሉም እንድታነብ አደረጉ። ደንበኛው ስሌቱን ተቀብሎ ትዕዛዙን በእጥፍ አሳድጎታል። እልልታው እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ዛሬ አራት ሴቶች ተጨምረዋል። የናፍጣው ጢስ ስለቀነሰ ከሴቶቹ አንዷ የሆነችው ዘይነባ ሳሏ ተሽሏታል፤ አየሩም ያን ያህል ሸክም ቀርቶለታል። ወይዘሮዋ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ቀራንዮ ሰፈር በተደረገው የአምራቾች ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ቆጣሪያችሁን አንብቡ፣ ናፍጣችሁን መዝግቡ። እኔ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ተምሬዋለሁ፤ እናንተን ምን ያቅታችኋል?»