ከሳዑዲ እስር ቤት የተመለሰችው ልጅ

ከማርቆስ ወደ አምበር በሚኒባስ ስሄድ ነው። ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ሲዘጋው፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ብድግ ብላ «ክፈቱልኝ!» ስትል ጮኸች። ሰዉ ሳቀ። «ምን ሆንሽ እህቴ?» አልኳት። «ሳዑዲ ድንበር ላይ ተይዤ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገን በር ተዘግቶብን ነው የከረምኩት። መፈታቴ ነው» አለችኝ። ላብ አጥምቋታል። መስኮቱን ብከፍትላትም መረጋጋት አልቻለችም፤ አምበር ልንደርስ ስንል «ወራጅ!» አለች።

ብቻዋን ልተዋት አላስቻለኝምና አብሬያት ወረድኩ። ስትጣደፍ ቆይታ ድንገት ቆመች። «እናቴ መታሰሬን አታውቅም፤ ሳዑዲ ሥራ ላይ የነበርኩ ነው የሚመስላት። ማታ በሩን ስትዘጋው ምን እላታለሁ?»

«ክፍት ይደር በያታ» አልኳት።

«‹ጅብ እንዲገባ ነው?› ብላ ትስቅብኛለች» አለችና እንባዋን እየጠረገች መንገዷን ቀጠለች።