አጉራሿ እኔ ነኝ

ወደ ደራ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ክብደትሽን ቀነስሽና ዛሬ ሚኒባሱ ላይ ያለ ደጋፊ ወጣሽ!» አለች አንደኛዋ።

«መቀነሱስ ቀላል ነው። ባለፈው ሠርግ አክስቶቼ የቀነስኩትን ሁሉ በጉርሻ መለሱልኝ። የጉልበቴ ሕመምም አብሮ መጣ።»

«ታዲያ ዛሬ ቅሪያ!»

«ከእህቴ ሠርግ? አብደሻል? ዘዴ አለኝ።»

«ምን ዘዴ?»

«ሳህን ይዤ እዞራለሁ፤ አጉራሿ እኔ ነኝ።»

«‹ታመሽ ነው የከሳሽው፣ በሞቴ አንዴ ጉረሺ› ቢሉሽስ?»

«ቀድሜ አጎርሳቸዋለኋ!»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይላሉ።»

«ሁለተኛውንም እኔው አጎርሳቸዋለሁ። አፍ ከሞላ ‹በሞቴ› የሚል የለም!»

«ወይ አንቺ!»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

እኔም ለምሄድበት ሠርግ ብዬ ከቤት ያላላሁትን ቀበቶ ቀስ ብዬ መልሼ አጠበቅሁት።