ታንከሩ ያፈነው ሰው

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ሁሩሙ ላይ ከሚኒባስ እንደ ወረድሁ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ የቡና መፈልፈያ ጣራ ሥር ተጠለልሁ። የመፈልፈያው ባለቤት ጋሼ ሸዋንግዛው ሸሚዛቸውን አውልቀው ወገባቸውን በገመድ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ሞተሩ ቆሟል። የገበሬው ቀይ ቡና በየጆንያው ይጠብቃል፤ ውሎ ካደረ ይበላሻል።

አጠገባቸው ኢብሴ ቆማለች። መቱ በሞተር ጥገና ሙያ የተመረቀች ወጣት ናት፤ የአባቷን ቡና ይዛ መጥታለች።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የናፍጣው ታንከር ውስጥ ልገባ ነዋ! ውሃና ዝገቱ ከናፍጣው ጋር እየወረደ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ደፈነው። ዝቃጩን ካላወጣሁ ሞተሩ አይነሣም።»

«እባክዎ አይግቡ። ያፍናል።»

«ወተት ጠጥቻለሁ። ውስጡንም በቤንዚን አስረጭቼዋለሁ።»

«ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ የሚታፈነው ግን ሳንባ ነው። የቤንዚኑ ትነትማ ጭራሽ አባሰው።»

ሽማግሌው ገመዱን አጠበቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድሜ ሰይፈ ሚካኤል የቀረው እዚሁ ታንከር ውስጥ ነው። ቀኑ ደርሶ ነው። አገሩ ግን በሐሰት ምሎ ተቀሠፈ ይላል። እኔ ፈጣሪዬን ይዤ እገባለሁ፤ የሰው ልጅ ግን ከእንግዲህ አላስገባም።»

ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን አደጋ መቅሠፍት ማለት ይቀናዋል። ኢብሴ ግን አልተቆጣችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ በአባትዎ አገር እህል በጉድጓድ ይቀበራል አሉ። ሲከፈት ወዲያው ሰው ይገባበታል?»

«ኧረ አይገባም! አፉ ተከፍቶ ይውላል እንጂ። የታመቀው አየር ይገድላላ።»

«የሚገድለው በሐሰት የማለውን ብቻ ነው?»

ሽማግሌው የወገባቸውን ገመድ ፈቱ። ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«እንግዲያው የገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቡናው ሊበላሽ ነው፣ ቶሎ ግባ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ኢብሴ ዓይኗን ሰበረች። «ያን ጊዜ አላወቁም፣ ጋሼ። አሁን ግን ሰምተዋል።»

ጋሼ ሸዋንግዛው ሸሚዛቸውን መልሰው ለበሱ።

ኢብሴ ሲጋራና እሳት አራቀች፤ ክዳኑም ነፋስ እንዲገባው ተከፍቶ ቆየ። ሠራተኛው ጉርሙ ከታንከሩ ሥር ያለውን ማውረጃ ሲፈታው፣ እንደ አተላ የጠቆረ ዝቃጭ በርሜል ውስጥ ተንዠቀዠቀ፤ ወደ ወንዝ እንዲደፋ አልፈቀደችም። ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራ ውስጡን ከአፉ ሆና ጠረገችው፤ በጥቂት ንጹሕ ናፍጣ አለቀለቀችው፤ ፊልትሮውን ቀየረች። ማንም ሰው እግሩን ወደ ውስጥ ሳያስገባ ሞተሩ ከመምሸቱ በፊት ተነሣ። ገበሬው እልል አለ። ጋሼ ሸዋንግዛው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ያለቅሱ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሸዋንግዛው ብቻዬን አልችልም ብለው፣ ቤታቸው ያደርሁትን እኔን አስከትለው ወደ ወንድማቸው ሚስት ወደ እትዬ ሳያት ሄዱ።

«ሰይፈ ሚካኤል አልተቀሠፈም» አሏቸው በቁማቸው። «ያልተናፈሰ ታንከር ነው ያፈነው። ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እትዬ ሳያት ብዙ አለቀሱ። ከዚያም፣ «ይቅር ይበልዎ። ግን ለእኔ ብቻ አይንገሩኝ፤ ልጆቼ የሐሰተኛ ልጅ ሲባሉ ነው ያደጉት። ስሙን ላጠፉት ሁሉ ይንገሩልኝ» አሏቸው።

ነገሯቸውም። በዕድሩ ስብሰባ መካከል ተነሥተው፣ «ወገኖቼ፣ ወንድሜ ሐሰተኛ አልነበረም» ሲሉ ጀመሩ። «የገደለው በታንከሩ የታመቀው አየር ነው፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ታንከር በየጊዜው ከውጭ ሆኖ ሲጸዳ ሞተር አይቆምም፣ የገበሬው ድካም አይበሰብስም፤ ከሁሉ በላይ ሰው አይሞትም። የማታውቁትን ከተማረ ጠይቁ። የሞተውን አትርገሙ።»

ያን ቀን የተቃወማቸው አልነበረም። ሕዝቡ ሲወጣ እትዬ ሳያት በር ላይ ቆመው ነበር፤ በእርሳቸው ፊት ሲያልፍ ቆቡን ያላወለቀ ወንድ አላየሁም።